ከጎረቤት አገር የመጣ ሾፌር በነጋዴ ዘንድ ሥራ ስለሚያገኝበት ሥርዐት

የመኪና መንዳት ሙያ ከባለሙያው ጋር ድንበር ይሻገራል፤ ማስረጃውና በሰው ዘንድ የነበረው እምነት ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ይህ ነገር ለቶንጎና ለአሶሳ ነጋዴዎች እንግዳ አይደለም።

በሱዳን ብሉ ናይል ክፍለ ሀገር ጦርነት ስለ ተነሣ በ2004 ዓ.ም. በቶንጎ የስደተኞች መጠለያ ተቋቁሞ ነበር። በጥር ወር 2014 ዓ.ም. በአካባቢው በጸጥታ መደፍረስ ምክንያት ከ20,000 የሚበልጡ ስደተኞች ለቀው ወጡ፤ ብዙዎቹም በአሶሳ አጠገብ ወዳለው ወደ ፆሬ ሄዱ። ከእንዲህ ያለ ሕዝብ መካከል በአገሩ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው አይታጣም። ሥራ ሲጠይቅ ግን «ዋስህ ማን ነው?» ይባላል፤ ዘመዶቹም እንደ እርሱ ስደተኞች ናቸው። ነጋዴውም ስኳርና ሳሙና የጫነ መኪናውን ለማያውቀው ሰው ለመስጠት ቢሠጋ አይነቀፍም። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የሚከተሉትን ሊያውቁ ይገባል።

1ኛ/ የመንጃ ፈቃድ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ በሕግ መሠረት የመንጃ ፈቃድ እንዲያገኝ መብት ሰጥቷል። ከአገሩ ያመጣው ፈቃድ በዐረብኛ የተጻፈ ቢሆን አስተርጉሞ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማቅረብ ያስፈልገዋል። የደረቅ ጭነትና የፈሳሽ ጭነት ፈቃድ የተለያዩ መሆናቸውንም ነጋዴው አይዘንጋ። አደጋ ቢደርስና ፈቃዱ ከመኪናው ዐይነት ጋር ባይስማማ፥ መድን ሰጪው ካሣ አልከፍልም ሊል ይችላል።

2ኛ/ የሥራ ፈቃድ። ያው አዋጅ የመሥራትንም መብት ያውቃል። ሆኖም የስደተኛ መታወቂያ ብቻውን የሥራ ፈቃድ ስላልሆነ ከመቅጠር በፊት ጉዳዩን በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስፈጸም ይገባል።

3ኛ/ የመንገድ ልማድ። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም.፥ ሱዳንም በ1965 ዓ.ም. ወደ ቀኝ መንዳት ስለ ተዛወሩ በዚህ በኩል ችግር የለም። ነገር ግን ሜዳ የለመደ ሾፌር በክረምት ጭቃና በቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ መውረድን እንዲለማመድ ባለመኪናው ጊዜ ይስጠው።

4ኛ/ እምነት። ዋስ ለሌለው ሰው ፈተናው ሥራው ነው። በመጀመሪያ በከተማ ውስጥ፥ ቀጥሎም በአጭር መንገድ ይላክ። ዕቃው ሲጫን በሁለቱ ፊት ይቈጠር፤ የማስረከቢያው ወረቀት በአማርኛና በዐረብኛ ተጽፎ ተቀባዩ ይፈርምበት። የሥራው ውል በጽሑፍ ይሁን። ደመወዙን በዋስ ፈንታ መያዝ ግን የጉልበቱን ዋጋ መንፈግ ስለሆነ አይገባም።

ሾፌሩ በታማኝነት ካገለገለ ነጋዴው የሠራበትን ጊዜና የነዳውን መኪና ዐይነት ጠቅሶ የምስክር ወረቀት ይስጠው። ለነጋዴው የጥቂት ደቂቃ ድካም ነው፤ ዘመድ በሌለበት አገር እንጀራውን ለሚፈልገው ሰው ግን በሚቀጥለው ነጋዴ ደጃፍ ዋስ ሆኖ የሚቆምለት ያ ወረቀት ነው።