በለገዳዲ ከፍታ ለጎማ ጀልባ የሚስማማ የአየር ፓምፕ አመራረጥ

የለገዳዲ የውሃ ማጠራቀሚያ ከሰንዳፋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ ሲሆን፣ ከተፋሰሱ የሚገባው ደቃቅ የሸክላ አፈር ውሃውን ስለሚያደፈርሰው ጥልቀት መለካትና ናሙና መውሰድ የሚያስፈልግበት ቦታ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ይመረጣል፤ ተጣጥፎ በፒክአፕ ይጫናል፣ የተሠራ ማረፊያም አይፈልግም። ለጀልባው ከሚሰጠው ትኩረት ጋር ሲነጻጸር ግን ፓምፑ እንደ ተራ ዕቃ ይታያል። በዚህ ከፍታ ላይ ይህ አያዋጣም።

በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ሲሆን በለገዳዲ ወደ 75 ይወርዳል። ጀልባው ግትር ሆኖ ሰውና መሣሪያ እንዲሸከም የሚያስፈልገው ከአካባቢው አየር በላይ ያለው ትርፍ ግፊት ነው፤ ይህም ለብዙ ትናንሽ ጀልባዎች ከ20 እስከ 25 ኪሎፓስካል ነው። ይህ ፍላጎት በደጋም በቆላም አይለወጥም። የሚለወጠው ፓምፑ በአንድ ምት የሚያስገባው የአየር ብዛት ነው።

ለምሳሌ የቱቦዎቹ ይዘት 880 ሊትር የሆነ ጀልባ በአንድ ምት 5 ሊትር በሚሰጥ የእግር ፓምፕ ይነፋል እንበል። ቱቦው ቅርጹን እስኪይዝ 176 ምት ያስፈልጋል፤ ይህ በየትኛውም ቦታ አንድ ነው። ከዚያ ትርፍ ግፊቱን 25 ለማድረስ በባሕር ጠለል 44 ምት ሲበቃ፣ በለገዳዲ 59 ይሆናል። በጠቅላላ ድምሩ ሲታይ ልዩነቱ 7 ከመቶ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የሚያርፈው እግር በሚዝልበት የመጨረሻ ክፍል ላይ ነው።

ከምቱ ቁጥር ይልቅ የሚያሳስበው የፓምፑ የግፊት ጣሪያ ነው። በሚሽከረከር ተርባይን የሚነፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚፈጥረው ግፊት የአየሩን እፍጋት ተከትሎ ይቀንሳል። በፒስተን ፓምፕም በሲሊንደሩ ጫፍ ላይ ሳይወጣ የሚቀረው አየር ጣሪያውን ስለሚወስነው፣ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። በባሕር ጠለል እስከ 30 ኪሎፓስካል የሚያደርስ እንዲህ ያለ ፓምፕ በለገዳዲ 22 ገደማ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ በደቂቃ የሚሰጠው ሊትር በትልቁ መጻፉ ገዢን ሊያታልል አይገባም፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከፍተኛው ግፊት ነው፣ እሱም በ0.74 ተባዝቶ። ለፍራሽ የሚሸጡት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፖች ከጥቂት ኪሎፓስካል ስለማያልፉ የሚያገለግሉት ቱቦውን ለመሙላት ብቻ ነው።

በከተማ ውስጥ ቀላል የሚመስለው መፍትሔ ጀልባውን ወደ ጎሚስታ መውሰድ ነው። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግን የተሠራው ለመኪና ጎማ ነው፤ ግፊቱ ጀልባው ከሚችለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ በጌጁ ላይም 0.25 ባር የሚነበብ አይደለም። ስፌት ከተለቀቀ በኋላ ጥገናው ከፓምፕ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከሲጋራ መለኮሻ የሚሠራው የመኪና ኮምፕሬሰር ደግሞ በደቂቃ 30 ሊትር ቢሰጥ እንኳ ከላይ ለተጠቀሰው ጀልባ 39 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ያን ያህል ሳያርፉ ቢሠሩ ይግላሉ።

በለገዳዲ ሁኔታ የተሻለው ጥምረት ለመሙላት ሰፊ፣ ለመጨረስ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነፋ አነስተኛ ፒስተን ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። ዲያሜትሩ 12 ሴንቲሜትር የሆነ ፒስተን በ25 ኪሎፓስካል ላይ ወደ 29 ኪሎግራም የሚጠጋ ጫና ይጠይቃል፤ ይህ የሚቻል ነው። ወለሉም በአየር የሚነፋ ሆኖ 70 ኪሎፓስካል ቢፈልግ ግን ጫናው ወደ 80 ኪሎግራም ይደርሳል፤ ብዙ ተማሪ ሙሉ ክብደቱን ጥሎበት እንኳ አይገፋውም። ዲያሜትሩ ወደ 7 ሴንቲሜትር ሲወርድ ጫናው ከ28 ኪሎግራም አያልፍም።

ዝቅተኛ ግፊት በግልጽ የሚያሳይ ጌጅ ከፓምፑ ጋር አብሮ መገዛት አለበት። በሰንዳፋ ማለዳ በ8 ዲግሪ ሴልሺየስ 25 ኪሎፓስካል የተነፋ ቱቦ በቀትር ፀሐይ አየሩ 28 ዲግሪ ቢደርስ ትርፍ ግፊቱ 32 ይሆናል። ያው ጀልባ ሳይተነፍስ ከዝዋይ ሐይቅ፣ ከ1,640 ሜትር ገደማ፣ ወደ ለገዳዲ በመኪና ቢወጣ ደግሞ ሙቀቱ ባይለወጥም በከፍታው ብቻ ወደ 8 ኪሎፓስካል ይጨምራል። ስለዚህ ቫልቩ በመንገድ ላይ ቢከፈትና ልኬቱ በውሃው ዳር እንደገና ቢወሰድ ይመረጣል።