ከአንገት ቀዶ ሕክምና በፊት ሽንት ይመርመር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ለሌላ ጉዳይ ደም ስመረመር ካልሲየሜ 11 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ። ምንም አያመኝም። የፓራታይሮይድ ዕጢ ችግር ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል ተባልኩ። የእናቴም ካልሲየም ከፍ ያለ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን ከመወሰናቸው በፊት የ24 ሰዓት ሽንት ቢያስመረምሩ ይበጃቸዋል። የእናታቸው ውጤት ጥሩ ፍንጭ ነው።

ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ አራት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ያህላሉ። በሕዋሶቻቸው ገጽ ላይ የደምን ካልሲየም የሚለካ ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ካልሲየም ሲበዛ ተቀባዩ ዕጢዎቹ ሆርሞን ማመንጨት እንዲቀንሱ ያደርጋል፤ ኩላሊትም ትርፉን በሽንት ያስወጣል።

የዚህ ተቀባይ ጂን የሚገኘው 3ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ኤድዋርድ ብራውን፣ ስቲቨን ሄበርትና ባልደረቦቻቸው ተቀባዩን ከከብት ፓራታይሮይድ ዕጢ ለይተው ያወቁት በ1993 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚያው ዓመት የጂኑ መዛባት በዘር የሚተላለፍ የካልሲየም ከፍታ እንደሚያስከትል ታወቀ።

ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽ ዕጢዎቹ ከፍ ያለውን ካልሲየም እንደ ልክ ይቆጥሩታል። ሆርሞኑም አይቀንስም፤ ስለዚህ የደም ውጤቱ ዕጢው ላይ እብጠት ያለበትን ሰው ይመስላል። የሚለያቸው ሽንት ነው። እብጠት ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ካልሲየም በሽንቱ ያወጣል፤ ጂኑ የተዛባበት ግን በጣም ጥቂት ብቻ ነው የሚያወጣው። ቀዶ ሕክምናም አይፈውሰውም፤ የቀሩት ዕጢዎች ያንኑ ጂን ይዘዋልና።

ሽንቱ የሚሰበሰበው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው የጠዋት ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የማግስቱን የመጀመሪያ የጠዋት ሽንት ጨምሮ፣ በአንድ ዕቃ ይጠራቀማል። የቫይታሚን ዲ እጥረት የሽንት ካልሲየምን ስለሚቀንስ አስቀድሞ መታከም አለበት። ሊቲየም ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ ይንገር፤ ሁለቱም የደም ካልሲየምን ከፍ ያደርጋሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ የጂን ምርመራ ይከተላል።

ጥያቄ፦ ለልጆቼስ ያሰጋል?

መልስ፦ የተበላሸው ቅጂ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የወረሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም ይኖራል። አደጋው ከባድ የሚሆነው ልጁ ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ቅጂ ሲወርስ ነው፤ ጨቅላው አጥንቱ ይሳሳል፣ ይሰበራል፣ መተንፈስም ይቸግረዋል። በዘመዳሞች ጋብቻ ይህ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ባልም ካልሲየሙን ቢመረመር ይመረጣል።

ጠያቂያችን ለቀጣዩ ቀጠሮ የራሳቸውንና የእናታቸውን የቆዩ የካልሲየም ውጤቶች ይዘው ይሂዱ። ወንድምና እህት ካላቸውም እነሱ ደም ቢሰጡ ለሐኪሙ ውሳኔ ትልቅ እገዛ ነው። እስከዚያው ብርቱ ጥማት፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም የኩላሊት ጠጠር ሕመም ካጋጠማቸው ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።