የወፍጮ ሞተር ስንት ይበላል?

ጤፉም፣ ዳጉሳውም፣ ገብሱም ተፈጭቶ ከየቤታችን የሚገባው ከወፍጮ ቤት ነው። ዳንግላና እንጅባራ ያደግን ተማሪዎች የወፍጮውን ድምፅ ከሩቅ እንለያለን። ወፍጮውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር በወር ስንት እንደሚበላ ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። «ይህ የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው» የሚል ቢኖር፣ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች አንስማማም። ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሁሉ የተከፈተ ሂሳብ ነው፤ ሲሳሳትም ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

፩ኛ፤ ኪሎ ዋትና ኪሎ ዋት ሰዓት

ኪሎ ዋት እንደ መኪና ፍጥነት ነው፤ ኪሎ ዋት ሰዓት ደግሞ እንደ ተጓዘው መንገድ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ነው ሲባል አቅሙ ተነገረ እንጂ በዓመት የሰጠው ኃይል አልተነገረም። እንደዚሁም ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ካልታወቀ ፍጆታው አይታወቅም።

፪ኛ፤ ሰሌዳው የሚናገረው

በሞተሩ ጎን ያለችው የብረት ሰሌዳ የምትናገረው፣ ሞተሩ በሙሉ ጭነት ለወፍጮው የሚሰጠውን ጉልበት ነው እንጂ ከመስመር የሚወስደውን አይደለም። ከወሰደው ከመቶ 90 እጁን ወደ ሥራ ቢለውጥ፣ 10 እጁ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ የሰሌዳው ኪሎ ዋት በጭነቱ መጠን ይባዛል፤ በብቃቱ ይካፈላል፤ ከዚያም በሰዓቱ ይባዛል።

፫ኛ፤ ምሳሌ

አንድ ወፍጮ ቤትና አንድ የአናጢ ቤት በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ እንበል። የወፍጮው ሞተር 15፣ የመጋዙ 7.5 ኪሎ ዋት ነው።

ወፍጮው በቀን 6 ሰዓት በሦስት አራተኛ ጭነት ይፈጫል፦ 15 × 0.75 ÷ 0.9 = 12.5፤ በ6 ሰዓት 75 ኪሎ ዋት ሰዓት። እህል እስኪመጣ 2 ሰዓት ባዶውን ሲዞር በሰዓት 3 ቢወስድ 6 ይጨመራል። ድምሩ 81 ነው።

መጋዙ በሙሉ ጭነት 2 ሰዓት ይቆርጣል፦ 7.5 ÷ 0.88 = 8.5 ያህል፤ በ2 ሰዓት 17። ባዶውን 2 ሰዓት ሲዞር በሰዓት 1 ቢወስድ ድምሩ 19 ይሆናል።

የሁለቱ ድምር 100 ነው። ሂሳቡን በሰሌዳ ቢካፈሉ አናጢው ከ100 ብር 33 ይከፍላል፤ የበላው ግን 19 ነው። እንግዲህ ከእያንዳንዱ 100 ብር 14ቱን የሚከፍለው ስለ ጎረቤቱ ነው። ወፍጮ ቤቱም እውነተኛ ወጪውን ስለማያውቅ፣ ለማስፈጫ የሚያስከፍለው ዋጋ የግምት ይሆናል።

፬ኛ፤ አምፔር አያታልለን

አምፔር ለክቶ ወዲያው መፍረድ አይገባም። ባዶውን የሚዞር ሞተር አምፔሩ የሙሉ ጭነቱን ሢሶ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ የሚበላው ኃይል ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የአምፔሩ ብዙ ክፍል የሞተሩን ማግኔት ለመፍጠር የሚመላለስ ነውና፣ ወደ ሥራ አይለወጥም።

፭ኛ፤ ዳኛው ቆጣሪው ነው

ግምታችንን የምንፈትንበት ቀላል መንገድ አለ። በቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራም አጠገቧ ተጽፏል። 400 ነው እንበል። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ወፍጮው ብቻ እየፈጨ፣ በ36 ሴኮንድ የበራችውን እንቁጠር። 50 ብትሆን፣ 50 ÷ 400 = 0.125 ኪሎ ዋት ሰዓት። 36 ሴኮንድ የሰዓት አንድ መቶኛ ስለ ሆነ፣ በ100 ብናባዛው 12.5 ኪሎ ዋት ይመጣል፤ ከላይ በወረቀት ያገኘነው ማለት ነው።

ለክረምት ዕረፍት ወደ የአገራችን ስንገባ፣ የእጅ ሰዓትና እርሳስ ይዘን ይህን ከባለ ወፍጮዎችና ከአናጢዎች ጋር ብንሠራ መልካም ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ሁለት ጎረቤቶች በየወሩ የሚከራከሩበት ሂሳብም በቁጥር ያልቃል።