ፍላጻን ስለ መምረጥ፤ ለጀማሪ ቀስተኞች

ቀስት መማር የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ዐይኑን የሚጥለው በቀስቱ ላይ ነው። ቀስቱ ያማረ እንደ ሆነ ፍላጻው የትም የሚገኝ ይመስለዋል። እኛም እንደዚሁ ነበርን። አራት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ቀስትና ስድስት ፍላጻዎች ገዛን። ፍላጻዎቹ የተቈረጡት ግን ከመካከላችን በቁመቱ አጭር በሆነው ጓደኛችን ልክ ነበር። በሁለተኛው ቀን ረዥሙ ጓደኛችን አውታሩን እስከ አገጩ በሳበ ጊዜ የፍላጻው ጫፍ ከቀስቱ ወደ ኋላ ዐልፎ ቀስቱን በያዘው እጁ ትይዩ ቆመ። «አትልቀቅ!» ብለን ባንጮኽ ኖሮ ብረቱ መዳፉን በበሳው ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣን ያ ቀን ነው።

በቋንቋችን «ቀስት» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ለሚገተረው፥ አንዳንድ ጊዜም ለሚወረወረው ይነገራል። እኛ ግን እዚህ የሚገተረውን ቀስት፥ የሚወረወረውን ፍላጻ እንላለን።

መጀመሪያ የሚታየው ርዝመት ነው። ሁለት እጆችን ወደ ጐን ዘርግቶ ከአንዱ የጣት ጫፍ እስከ ሌላው ማስለካት፥ የተገኘውንም ለ2.5 ማካፈል ይገባል። ስፋቱ 175 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው አውታሩን 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስባል ማለት ነው። ጀማሪ በዚህ ላይ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይጨምር፤ ምክንያቱም ትከሻው አቋሙን እየለመደ ሲሄድ ስበቱም ይረዝማል። የረዘመ ፍላጻ ጥቂት ፍጥነት ቢያጐድል ነው፤ ያጠረ ግን እጅ ይበሳል።

ሁለተኛው የዘንጉ ግትርነት ነው። አውታሩ ከኋላ ሲገፋው ፍላጻ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ እንደ ዓሣ ወዲያና ወዲህ እየጐበጠ የቀስቱን እንጨት ዞሮ ያልፋል፥ ከዚያም በኋላ ይቃናል። ስለዚህ ጕብጠቱ ከቀስቱ ኀይል ጋር መስማማት አለበት። ግትርነት የሚለካው 71 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ዘንጉን አጋድሞ፥ በመካከሉም 880 ግራም ክብደት አንጠልጥሎ ነው። 12.7 ሚሊ ሜትር የጐበጠው 500 የሚል ቍጥር ይጻፍበታል። እንግዲህ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይበልጥ ግትር መሆኑን ልብ ይሏል። ዘንግ ሲያጥር ይገትራል፤ ጫፉ ሲከብድ ይለዝባል። በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ከልክ ያለፈ ግትር ፍላጻ ወደ ግራ፥ የላላው ደግሞ ወደ ቀኝ ያደላል። ስለዚህ ፍላጻው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያደላበት ጀማሪ ክንዱን ብቻ አይውቀስ።

ሦስተኛው ዘንጉ የተሠራበት ነገር ነው። እንጨት ያማረ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ያጣምመዋል። አሉሚኒየም እርስ በርሱ እኩል ሆኖ ይሠራል፤ ሲጐብጥም በዐይን ይታያል። ካርቦን ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ስንጥቁ ሊሰወር ስለሚችል ከመወርወር በፊት በእጅ ለመጥ አድርጎ ድምፁን ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ ሲሰበር ስንጥሩ እጅ ውስጥ ይገባልና። ከመጠን በላይ የቀለለ ፍላጻ ደግሞ አውታርን በባዶ እንደ መልቀቅ ስለሆነ ቀስቱን ይጐዳል። ከመኋላው የሚለጠፉት ሦስት ላባዎች ከአንድ ወገን ክንፍ የተወሰዱ ይሁኑ። የወፍ ላባ ቀስቱን ቢነካ ይተኛል፤ ፕላስቲኩ ግን ፍላጻውን ገፍቶ ያሳስተዋል።

ስለ አደን ለሚያስቡ ጓደኞቻችንም አንድ ቃል አለን። የአደን ፍላጻ እንደ ጥይት በድንጋጤ አይገድልም፤ ስለታም ምላጩ የደም ሥር ቈርጦ ነው። ስለዚህ ክብደት ያለው ዘንግና ጢም የሚላጭ ስለት ይፈልጋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1911 ዓ.ም. ኢሺ የተባለው የያሂ ነገድ ሰው በካሊፎርኒያ ከጫካ ወጥቶ ሳን ፍራንሲስኮ በገባ ጊዜ፥ ሳክስተን ፖፕ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቀስት መወርወርንና ፍላጻ መሥራትን ከእርሱ ተማረ። የተማረ ሐኪም ከአዳኝ እግር ሥር መቀመጡን አላፈረበትም። በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ፈቃድ ያለውም ቢሆን ፍላጻዎቹን አከታትሎ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ማሳረፍ ካልቻለ ወደ እንስሳ አያነጣጥር። ቈስሎ ያመለጠ እንስሳ ለቀናት ይሠቃያል፤ በዚህም ጥፋተኛው ፍላጻው ሳይሆን የመረጠው ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛ ስድስቱን ፍላጻዎች ለአጭሩ ጓደኛችን ተውንለትና እንደ ገና አዋጣን። አሁን እያንዳንዳችን በክንዳችን ልክ የተቈረጠ፥ ስማችንም የተጻፈበት ፍላጻ አለን፤ ከሌላው አፎት የሚያወጣ ግን የለም። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን ዘርግታችሁ ተለኩ።