ፕሬዠር ኩከርና የኢፍጣር ጥድፊያ

በረመዳን መግሪብ ሲቃረብ በየማእድ ቤቱ ጥድፊያ ይበዛል። ሥጋውና ሾርባው ቶሎ እንዲደርስ ብዙዎች ፕሬዠር ኩከር ይጠቀማሉ። ለመሆኑ ምግቡን የሚያፈጥነው ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው። ስለዚህ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላና ሥጋ የሚዘገዩትም ለዚህ ነው። ክዳኑ ሲጠብቅ ግን እንፋሎቱ ይታፈናል። ቦታው ሳይሰፋ ሙቀቱ ሲጨምር የጋዝ ግፊት ያድጋል፤ ይህ ከጋዝ ሕጎች አንዱ ነው። በግፊቱ ሥር ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።

አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። ክዳኑ በጉልበት ሲከፈት ግፊቱ በቅጽበት ስለሚወርድ ምግቡ ገንፍሎ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ፦

• ከመጣድዎ በፊት የእንፋሎት መውጫው አለመደፈኑን ይመልከቱ።
• ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉ። ጥራጥሬ አረፋው ቀዳዳውን ስለሚደፍን ከግማሽ አይለፍ።
• እሳቱን አጥፍተው እንፋሎቱ ጨርሶ እስኪወጣ ይታገሱ።
• ቃጠሎ ከደረሰ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ያፍስሱበት። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀቡ፤ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

አዛን ቢቀድምዎትም በተምርና በውኃ ማፍጠር ይቻላል፤ ሾርባው ይደርሳል። አላህ ቤተሰባችንን ከአደጋ ይጠብቅልን። አሚን!