ስኳር ላለበት ሰው፦ እግርን እያዳኑ ክብደት መቀነስ

ስኳር ያለበት ሰው ለክትትል በሄደ ቁጥር የሚነገረው ያው ነው፤ «ክብደት ይቀንሱ፣ በእግር ይሂዱ።» ምክሩ ልክ ነው። 90 ኪሎ የሆነ ሰው 4 ኪሎ ተኩል ያህል እንኳ ቢቀንስ የደም ስኳሩም ግፊቱም ይሻሻላል። ግን እግር እያቃጠለና እየወጋ እንዴት ይኬዳል? ከዚህ በሽታ ጋር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁና ቅደም ተከተሉን ልንገርዎ፤ እግር ይቀድማል፣ ክብደት ይከተላል።

በመጀመሪያ ሕመሙን ይለዩ። ጠዋት ከአልጋ ወርደው ሲራመዱ ተረከዝዎን የሚወጋዎት፣ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ደግሞ ለቀቅ የሚያደርግዎት ከሆነ፣ በውስጥ እግር በኩል ከተረከዝ እስከ ጣት የተዘረጋው ጅማት ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ተደግፈው፣ የታመመውን እግር ወደ ኋላ አድርገው፣ ተረከዙ መሬት ሳይለቅ ለ30 ሰከንድ ያሳስቡት፤ ይህን በቀን ደጋግመው ያድርጉት። ሌሊት ሌሊት የሚያቃጥል፣ የሚወር፣ በሁለቱም እግር ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ስኳር የጎዳው ነርቭ ነው። ለሁለቱም ቢሆን ከፋርማሲ ዳይክሎፍናክ እየገዙ መዋጥን አይልመዱ፤ ስኳር የሚያሰጋውን ኩላሊት ይጎዳል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማስጠነቅቅዎ ነገር ልምጣ። እግር ሲያቃጥል ወይም ሲደነዝዝ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ማሞቅ፣ ጨው ጨመር አድርጎ በሳፋ መዘፍዘፍ። እናቶቻችን ያደርጉት ነበር፣ ድካም ያወጣል ይባላል። ስኳር ካለብዎ ግን እባክዎን ይተዉት።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሚያቃጥልዎ እግር ሙቀት የማይለይ እግር ሊሆን ይችላል። የተጎዳ ነርቭ እሳት ሳይኖር እሳት አለ ይላል፤ እውነተኛው ሲመጣ ዝም ይላል። እኔ እግሬን ሳፋ ውስጥ ከትቼ ተመችቶኝ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ፎጣ ልታቀብለኝ የመጣችው ልጄ ውሃውን በጣቷ ነካ አድርጋ ጮኻ ነው ያወጣችው። እግሬ ሲወጣ ተረከዙ ውሃ ቋጥሯል። ምንም አላመመኝም። ቁስሉ እስኪድን ግን ወራት ፈጀ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ መራመድ ስላልቻልኩ የቀነስኩት ኪሎ ተመልሶ መጣ። አንድ ሳፋ ውሃ እግሬንም ክብደቴንም አብሮ ያበላሸው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ከ37 ዲግሪ አይለፍ። በእግርዎ አይሞክሩት፤ በክርንዎ፣ ከተቻለ ደግሞ ስኳር በሌለበት ሰው እጅ ያስለኩት። ታጥበው ይውጡ፣ አይዘፍዝፉ፤ መዘፍዘፍ ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። በጣቶች መሀል በደንብ ያድርቁ፣ ቫዝሊን ከላይና ከሥር ይቀቡ፣ በጣቶች መሀል ግን አይቀቡ። ሌሊት ሲበርድዎት ከሰል ምድጃ አጠገብ እግር መዘርጋት፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ብርድ ልብስ ውስጥ ማስገባት፣ ሁሉም ያው አደጋ ነው። ወፍራም ካልሲ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ ሳያደርጉ አይሂዱ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይም ያቃጥላል። እኔ ነጭ የጥጥ ካልሲ እመርጣለሁ፤ ደም ወይም መግል ቢነካው ወዲያው ይታያል።

በየማታው እግርዎን ይመልከቱ። ጎንበስ ብሎ ውስጥ እግርን ማየት ለወፍራም ሰው ከባድ ስለሆነ፣ በስልክ ፎቶ አንስተው አጉልተው ይዩት፤ ፎቶውን ካላጠፉት ካለፈው ሳምንት ጋር ማስተያየት ይቻላል። የጠነከረ ቆዳ በምላጭ አይቁረጡ። ቁስል፣ የጠቆረ ጣት ወይም ሽታ ካዩ ባያምዎትም በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ከሌላው ይልቅ ከሞቀ ደግሞ አይርገጡበት፤ አጥንቱ እየተሰባበረ ሊሆን ይችላል። ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል ይግዙ፤ ሲያጠልቁ መጀመሪያ እጅዎን ከትተው ይዳስሱት።

እግር ሲረጋጋ ወደ ክብደት እንለፍ። እዚህ ላይ ከእርምጃ ይልቅ ሳህን ይሠራል። ጤፍ ለስኳር ችግር የለውም የሚለውን ይርሱት፤ እህል ነው፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ከትሪ አብሮ ሲበላ ምን ያህል እንደተበላ አይታወቅም፣ ጉርሻው አለ፣ ከወጡ ሥር የተነጠፈው እንጀራ አለ። እኔ የምበላውን እንጀራ ቀድሜ ቆርጬ ለብቻዬ ሳህን ላይ አወጣለሁ፣ ወጥ ሳይጨለፍ የቀረውን ከድኜ አስነሳለሁ። የሳህኑን ግማሽ ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ ይሙሉት፤ ሩቡን ሽሮ፣ ምስር ወይም ሥጋ፤ እንጀራው ሩብ ላይ ይቁም። የጾም ወጥ ዘይቱ ይበዛል፣ ያስቀንሱ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ግን ምግብ ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎን ስለ መጠኑ ያማክሩ። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ካሰቡም እንዲሁ፤ ለንስሐ አባትዎም ይንገሯቸው። ላብ ላብ ካለዎትና ከተንቀጠቀጡ የደም ስኳርዎን ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ።

እንቅስቃሴውን ወንበር ላይ ይጀምሩት። ውሃ የተሞሉ ሁለት ሃይላንዶች በእጅ ማንሳትና ማውረድ፣ ጉልበት እያፈራረቁ ቀጥ ማድረግ፣ ከምግብ በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ። ቁስል ከሌለ በሜዳማ ቦታ መሄድ ይጨመራል።

የቀረው መድኃኒት ነው። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። በራስዎ አያቋርጡ፤ ኪሎዎ ከጨመረ ግን መድኃኒቱን ከጀመሩበት ጊዜ ጋር አያይዘው ለሐኪሙ ይንገሩ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ በሰውነት ያለውን ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል፤ የቢ12 ማነስም እንደ ስኳሩ እግር ያደነዝዛል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሆነ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው የበለጠ ያሰጋዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የቢ12 የደም ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ «እግርዎን ያሳዩ» እስኪባሉም አይጠብቁ፣ ካልሲዎን አውልቀው ይቅረቡ።