አዮዲን ያለው ጨው መቼ ይበላል? መቼስ ይተዋል?

ስለ ግማሽ ዕድሜ በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን ያለው ጨው ተመገቡ ይሉናል። እናቴ ግን ለታይሮይድ ካንሰር የጨረር ሕክምና ስትዘጋጅ ይህንኑ ጨው ተከለከለች። ነፍሰ ጡር እኅቴን ጨምሮ ሁላችንም ጨውን ትተናል። ልክ ነን?»

ታይሮይድ በአንገት የፊት ክፍል የሚገኝ ዕጢ ሲሆን፣ የሰውነትን የኃይል አጠቃቀም የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖችን ከአዮዲን ይሠራል። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል። አዮዲን ሲያንስ ዕጢው ያብጣል፤ እንቅርት የምንለውም ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1936 የቦስተኑ ሐኪም ሳውል ኸርትዝ፣ አዮዲንን ጨረር አመንጪ ማድረግ ይቻል እንደሆነ የፊዚክስ ሊቁን ካርል ኮምፕተንን ጠየቀ። በ1941 በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን የታይሮይድ ሕመምተኛ አከመ።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ዕጢው የአዮዲንን ኬሚካዊ ጠባይ እንጂ የኒውክሊየሱን ክብደት አይለይም። በመሆኑም አዮዲን-131ን እንደ ተራው አዮዲን ይሰበስባል። የሚወጡት የቤታ ቅንጣቶች በሥጋ ውስጥ ከ2 ሚሊሜትር ገደማ ስለማያልፉ ጉዳታቸው በአብዛኛው በታይሮይድ ሕዋሳት ላይ ይወሰናል። ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ስለሆነ በ80 ቀን ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ይቀራል።

ሕዋሳቱ አስቀድመው በተራ አዮዲን ከጠገቡ ግን መድኃኒቱን በሚገባ አይወስዱም። ስለዚህ የካንሰር ታካሚዎች ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቀደም ብለው አዮዲን ያለውን ጨው፣ የባሕር ዓሣን፣ ወተትንና የእንቁላል አስኳልን እንዲተዉ ይታዘዛሉ። ጨው የተቀላቀለበት በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮም መዘንጋት የለባቸውም። አትክልት፣ ፍራፍሬና አዮዲን በሌለው ጨው የተሠራ ወጥ ግን ይፈቀዳል።

ከሕክምናው በኋላ የጋማ ጨረር ከታካሚው ሰውነት ስለሚወጣ፣ ሐኪም ለወሰነው ጊዜ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች መራቅ ግድ ነው። የሆርሞን ምትክ የሆነው ሌቮታይሮክሲን የታዘዘለትም በባዶ ሆድ በውኃ ይውሰደው፤ ቁርስና ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ።

እንግዲህ እናት ልክ ናቸው፤ ቤተሰቡ ግን ተሳስቷል። የጽንሱ አንጎል እድገት በአዮዲን ላይ ስለሚመሠረት፣ ነፍሰ ጡሯ በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል። ለአንዱ የታዘዘውን ለሁሉ ማድረግ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።